አንድ ክንድ ጥለት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ፣ ታጥፎ ቢቀመጥ ስንት ቦታ ይይዛል? ስለ ነፍስ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ልብስ ግን የተማረው ሁሉ እምብዛም አልተጨነቀም። ነፍስን ማን አይቶ ያውቃል? ሰው ሰውን ማየት የሚጀምረው ከልብሱ ነው፤ አብዛኛውም ከዚያ አያልፍም። የስመኝ ዕድሜ ተሰብስቦ ቢታጠፍ፣ ቶሮንቶ ዳር፣ ሬክስዴል ውስጥ ያለች የአንዲት ጠባብ አፓርታማ ቁም ሣጥን ይበቃው ነበር። ያውም ሣጥኑ አይሞላም። አንድ ግራጫ ካፖርት፣ ጥቁር ሱሪዎች፣ እስከ ጉልበት የሚወርዱ ሹራቦች፣ አንድ ቡናማ ሻርፕ። ሌባ ቢገባ ተበሳጭቶ የሚወጣበት ሣጥን ነው።

ስመኝ ሴት ሆና አልተወለደችም የሚሉ ነበሩ። እሷ ደግሞ ሴት ሆና ነው የተወለድኩት፤ ሰው እስኪያውቅልኝ ነው የዘገየው ትል ነበር። ከናይሮቢ ወደ ቶሮንቶ የመጣችው በታላቅ እህቷ በተናኘ ስፖንሰርነት፣ በወንድ ስም፣ ጢም አሳድጋ ነው። ያ ስም ማን እንደነበር እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ሰው ጥሎት የሄደውን ዕቃ እየተከተሉ ማቀበል ደግነት አይደለም።

መጀመሪያ ኢስት ዮርክ፣ በእህቷ ቤዝመንት ተቀመጠች። አንድ ቀን ተናኘ ልብስ ልታጥብ ስትወርድ፣ ከቧንቧው ላይ እንዲደርቅ የተሰቀለ የሴት ቀሚስ አየች።

“የማን ነው?”

“የኔ ነው።”

ተናኘ ቀሚሱን አልነካችም፤ ማሽኑንም አልከፈተችም። የልብስ ቅርጫቱን እንደያዘች፣ “እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልግ” አለች። በድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው የምትል ነበር የምትመስለው። ክፉ ነገር አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ድምፅ ነው የሚነገረው፤ ጮኾ የመጣ ክፋትማ ቢያንስ ሲመጣ ይሰማል።

ስመኝ ወደ ሬክስዴል ሄደች። ከኤርፖርቱ አጠገብ በአንድ ሆቴል ላውንደሪ ሥራ አገኘች፤ ሌሎች የተኙበትን አንሶላ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ታጥፋለች። ልብስ መልበስን እንደ አዲስ የተማረችው ግን በባስ ፌርማታ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአንዱ ሽማግሌ ቤት ወደ ሌላው አሮጊት ቤት ለማስታመም የሚሮጡ የሐበሻ ሴቶችን ታያለች። ጥቁር ሱሪ፣ ረዥም ሹራብ፣ እግር የማያሳምም ጫማ፣ በሻርፕ የተጠቀለለ ፀጉር፣ የምሳ ዕቃና ዣንጥላ ያበጠው ቦርሳ። ልክ እንደነሱ ለበሰች። ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለች ስድሳ የተጠጋች ሴት ልብስ መረጠች፤ ዓለም ስድሳ የተጠጋችን ሴት አያይማ! ሌሎች ሴቶች መስታወት ፊት ቆመው የሚያለቅሱበትን አለመታየት፣ እሷ እንደ ሽልማት ተቀበለችው።

አንዲት ወዳጅ ነበረቻት፤ ሔርሞን ትባላለች። ሔርሞንም እንደ ስመኝ ዓይነት ሴት ናት፤ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዳውንታውን ፀጉር ቤት የምትሠራ፣ ገና የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ። የምትለብሰው ሁሉ ያብረቀርቃል። ጉትቻዎቿ ከእሷ ቀድመው በር ይገባሉ።

“ስሙ፣” ትላታለች ስሟን አሳጥራ፣ አማርኛውን እየጎተተች፣ “ይሄን ካፖርት ከማን አያት ነው የሰረቅሽው?”

“ይሞቃል።”

“ኦ ማይ ጋድ፣ ሐምሌ እኮ ነው!”

“ቢሆንስ።”

“እዪኝ። እኔን ለማንኛውም ያዩኛል። ካዩኝ አይቀር እኔ የመረጥኩትን ይዩ።”

“አንቺ ስድቡን በግማሽ ነው የምትሰሚው፤” አለች ስመኝ። “እኔን የሚሰድቡኝ በአማርኛ ነው። እስከ ሥሩ ይገባኛል።”

ከሁለቱ ማንኛዋ ትክክል እንደሆነች መፍረድ ቀላል የሚመስለው፣ ጠዋት ተነስቶ ከቁም ሣጥኑ ያገኘውን አጥልቆ ለሚወጣ ሰው ነው። ሔርሞን ላይ አንድ ጊዜ ከሚሄድ መኪና መስኮት ቡና ደፍተውባታል፤ ፀጉሯን እያራገፈች “ቢያንስ ላቴ ነው” ብላ ስቃለች። ስመኝ ላይ ማንም ምንም ወርውሮ አያውቅም። ደህና አደርሽ ያላትም የለም።

ኑሮዋ እንዲህ እንዳለ፣ የተናኘ ልጅ አክሱማዊት ልታገባ ሆነ። አክሱማዊት ቶሮንቶ የተወለደች፣ ልቧ ጥሩ፣ ጉልበቷ ግን የማይጸና ልጅ ናት። ከቤተሰቡ ሁሉ ስመኝን አክስቴ ብላ የምትጠራት እሷ ብቻ ነበረች፤ ያውም በቴክስት። አንድ ቀን እንዲህ ብላ ላከችላት፦ “አንቲ፣ ለመልሱ ሳይዝሽን ላኪልኝ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የምንለብሰው።”

ስመኝ መልእክቱን ባስ ላይ አነበበችው። መውረጃዋ አለፈ።

የመልስ ቀን የሙሽራዋ ቤተሰብ ሴቶች አንድ ጥለት ይለብሳሉ። ሽሮ ሜዳ ይታዘዛል፤ ሸማኔው ለእናት፣ ለእህት፣ ለአክስት፣ ለአክስት ልጅ ከአንድ ክር አንድ ዓይነት ጥለት ይሠራል። ወንዶቹ በሸሚዛቸው ደረት ላይ ያንኑ ጥለት ያስገባሉ። አዳራሽ የገባ እንግዳ ማን የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የቀሚስ ጠርዝ ያያል፣ ያውቃል። የዚህ ቤተሰብ ጥለት የወይን ጠጅና ወርቃማ ሆኖ፣ በመሀሉ ቀጭን አረንጓዴ ይሄዳል ተባለ። ዕድሜዋን ሙሉ ግራጫ ስትመርጥ የኖረች ሴት ያን ያህል የሚጮኽ ቀሚስ ልትለብስ ነው። ግን በዚያ ሰልፍ ውስጥ ወርቃማው ግራጫ ይሆናል። ሁሉም ሲለብሰው የሚጋርድ፣ አንዱ ሲጎድለው የሚያጋልጥ ልብስ ነው።

ልኳን የለካችላት ሔርሞን ናት።

“ትከሻሽን አንድ ሁለት ሴንቲ ልቀንስልሽ?”

“እንዳለ ጻፊው፤” አለች ስመኝ። “ትከሻዬን የሚያውቅ ቀሚስ ነው የምፈልገው።”

ልብሶቹን ከአዲስ አበባ በሻንጣ ይዛ የመጣችው የተናኘና የስመኝ እናት ናት። እናትየዋ ልጇን ካየችው ዓመታት አልፈዋል። ዓይኗ ደክሟል፣ ደም ግፊት አለባት፤ ስለዚህ ወንዱ ልጅሽ ለሥራ አልበርታ ሄዷል፣ ስልክ የማይገባበት ቦታ ነው ተብሎ ተነገራት። እሷም “ይቅናው” አለች።

በማግስቱ ተናኘ ደወለች። “ቀሚሶቹ ረዝመዋል። አንተ መርፌ ታውቃለህ። እሑድ እማዬን ቤተ ክርስቲያን ስለምንወስዳት፣ በዚያ ሰዓት ና።”

ስመኝ በባስ እስከ ኪፕሊንግ ጣቢያ፣ ከዚያ በሰብዌይ ባቡር ከተማውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጣ ኢስት ዮርክ ደረሰች። በሩን አክሱማዊት ከፈተችላትና “ላይ ነኝ” ብላ ቶሎ ወጣች። ቀሚሶቹ የምግቡ ጠረጴዛ ላይ ተከምረዋል። ስመኝ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። የተናኘን አሳጠረች፤ የአክስቶቹን አሳጠረች፤ የአክስት ልጆቹን ዘመዘመች። አንዱን ባነሳች ቁጥር ቀጣዩ የኔ ነው ትላለች። ለራሷ የመጨረሻውን ማስቀረቷ እንደ ሕፃን ነበር፤ የሚጥመውን ለመጨረሻ የሚያቆይ ሕፃን።

ከክምሩ ሥር የተገኘው ሸሚዝ ነው። የወንድ ሸሚዝ፤ ኮሌታውና ደረቱ ላይ ያ የወይን ጠጅና ወርቃማ ጥለት የወረደበት። ስመኝ አነሳችና ከትከሻዋ ጋር አስተያየችው። ልኩ የራሷ ነው፤ አንድ ሴንቲ አልጎደለም። ትከሻዋን የሚያውቅ ልብስ ነበር የፈለገችው።

ተናኘና ባሏ ጥጋቡ እናትየዋን ከዘመድ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትተው ሲመለሱ ሸሚዙን እንደያዘች አገኟት።

“ይሄስ?” አለች ስመኝ።

“ያንተ ነው መሰለኝ፤” አለች ተናኘ ካፖርቷን እያወለቀች። “እኔም አላዘዝኩትም። ሻንጣው ሲከፈት ሸሚዝ ሆኖ ወጣ። ሸማኔው ተሳስቶ ነው።”

“አክሱማዊት ቀሚስ ብላ ነው የላከችው።”

“አክሱማዊት ምን ታውቃለች! እዚህ የተወለደች ልጅ። ስማኝ፣ ይሄ እግዜር የላከው ስህተት ነው። ይሄን ለብሰህ፣ ጢምህን ትንሽ አሳድገህ ብትመጣ፣ ከአልበርታ ደረሰልሽ እንላታለን። በደስታ ነው የምታብደው።”

“ጢሜን በሌዘር አስጠፍቼዋለሁ። አይበቅልም።”

ጥጋቡ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም ይሉታል፤ ጨዋታ ይወዳል ነው የሚሉት። “ለሱ አትጨነቅ ወንድሜ፣ ከኔ እናካፍልሃለን። የኔ ለሁለት ሰው ይበቃል!”

ስመኝ አልሳቀችም። “በቀሚስ ብመጣስ?”

ሳቁ ቆመ። ተናኘ ከጠረጴዛው ማዶ ቁጭ አለች። “በቀሚስ መጥተህ ማናት ስንባል ምን እንበል? ለእማዬ ማናት እንበላት? ሴትዮዋን ልትገድላት ነው?” ከዚያ ነገሩን ያመጣችው አሁን በድንገት እንደሆነ ሁሉ፣ “ለነገሩ፣” አለች፣ “ምግብ ከሚያስተናግዱት ሴቶች አንዷ ቀርታብናለች። ጥቁር ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ወገብ ላይ ነጠላ። ከነሱ ጋር ብትመጣ ማንም ዞር ብሎ አያይህም።”

“እኔ ብሆን አስተናጋጅነቱን ነው የምመርጠው፤” አለ ጥጋቡ። “ቢያንስ ጥሩ ጥሩው ሥጋ ከሰው በፊት ይደርስሃል።”

እንግዲህ የቀረቡላት እነዚህ ናቸው፦ ወንድ ከሆነች ዘመድ፣ ሴት ከሆነች ባዳ። የሚያስፈራው ጭካኔው ብቻ አይደለም፤ አሳቢነት መምሰሉም ነው። ተናኘ በእርግጥም መላ ያገኘችላት መስሏታል።

አክሱማዊት ሁሉንም ሰምታ ከደረጃው ግማሽ ወርዳ ቆማለች። ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ “አንቲ፣ ሶሪ። አይ ትራይድ፣ ኦኬ?” ብላ ተመልሳ ወጣች።

ስመኝ ሸሚዙን አንሶላ እንደምታጥፈው አድርጋ አጠፈችው። ከጠረጴዛው ሥር ካለ ከረጢት ውስጥ የተጠቀለለ ባዶ ጥለት፣ ልብስ ያልሆነ፣ ተርፎ የመጣ አየች።

“ይሄ ትርፍ ነው?”

“ለማስዋቢያ ነው፤” አለች ተናኘ።

“አንድ ክንድ ያህል ልውሰድ?”

“አሁን አይሆንም። ከመልሱ በኋላ እናያለን።”

“እሺ። ከሴቶቹ ጋር እመጣለሁ፤” አለች ስመኝ። ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ሔርሞን ስትሰማ አበደች። “ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ባሉት ሱቆች የሐበሻ ቀሚስ ሞልቷል! ቀዩን እንገዛለን፣ ሜካፕሽን እኔ እሠራለሁ፣ በሩን በርግደሽ ትገቢያለሽ! ይዩሽ!”

“ቀይ ለብሼ ብገባ ያዩኛል፤” አለች ስመኝ። “እኔ የምፈልገው እንዳያዩኝ ነው። ግን ከነሱ መሀል ቆሜ።”

ሔርሞን አልገባትም። ምናልባት ገብቷት ይሆናል፤ የጉትቻዋን መንጠቆ ስትነካካ ቆይታ፣ “ዛት ኢዝ ሶ ሳድ” አለችና ወሬ ቀየረች።

መልሱ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ በአንድ አዳራሽ፣ ከቀትር በኋላ ነበር። ያ ትርፍ ጥለት ሁሉም ቦታ ታስሯል፦ በዳቦው መቁረጫ ቢላ እጀታ፣ በማይክራፎኑ አንገት፣ በሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ፣ ውጭ ደግሞ በመኪናው በር መክፈቻ ላይ። ብረቱም እንጨቱም የቤተሰቡን ጥለት ለብሶ ነበር። ስመኝ ጥቁርና ነጭ ለብሳ ትሪ ይዛ ዞረች።

ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችበት መመሳሰል የዚያን ቀን ያለ እንከን ተሳካላት። አስተናጋጆቹ ሴቶች “አንቺ ፈጣን ነሽ እባክሽ፣ የት ነበርሽ እስከ ዛሬ?” አሏት። አንዷ የላላ ነጠላዋን ከኋላ አጥብቃ አሰረችላት። ሴት ለሴት እንደምታደርገው፣ ሳትጠይቅ፣ እያወራች። ስመኝ እጆቹ ወገቧ ላይ እስኪጨርሱ ሳትተነፍስ ቆመች።

አንድ አዛውንት እንግዳ ሥጋ ስታወጣላቸው ቀና ብለው አተኮሩባት።

“አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?”

“የማንም አይደለሁም አባባ። ለሥራ ነው የመጣሁት።”

“እንዴት የማንም! ቁርጥ ተናኘን እኮ ነው የምትመስይው! ተናኘ! ተናኘ፣ ነይ እስቲ እዪ፣ እህት አግኝቼልሻለሁ!”

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ተናኘም ከማዶ እጇን አውለብልባ ሳቀች፤ ግን አልመጣችም።

ፎቶ አንሺው ቤተሰቡን ደረደረ። የወይን ጠጅና ወርቃማው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ሆኖ ታየ፤ ሁሉም ቀሚስ ከመሬት እኩል ከፍ ብሏል። የዘመዘመችው እሷ ናት። ትሪ ይዛ ቆማ ጠርዙን ስታይ ሳታውቀው ተጠግታ ኖሯል።

“ሲስተር፣” አላት ፎቶ አንሺው በትሕትና፣ “ፍሬም ውስጥ ገባሽ። ትንሽ ወደ ኋላ።”

ወደ ኋላ አለች።

ማብቂያው ላይ ለትልልቆቹ ሰዎች የእጅ ውሃ ይዞ መዞር የእሷ ድርሻ ሆነ። እናቷ ከመሀል ተቀምጣለች፤ ነጭ ፀጉሯ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ የቀሚሷ ጥለት ጉልበቷ ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ። ስመኝ ማስታጠቢያውን አስጠግታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ውሃውን ማፍሰስ ጀመረች። እናትየዋ እጇን እያሸች፣ ቀና ሳትል፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ ተናገረች።

“ሸሚዙ አልበቃህም?”

ውሃው ቆመ።

“ትከሻውን በልኩ አድርግ ብዬው ነበር። የቤቴን ሴቶች አውቃቸዋለሁ፤ ሸማኔው ቀሚሶቹን ሲቆጥርልኝ አንድ ተረፈኝ። ገባኝ። እኔ ነኝ ያስቀየርኩት።”

“እማዬ...”

“አፍስሺ እንጂ። ሰው እያየን ነው።”

ስመኝ አፈሰሰች። የደከመ የተባለው ዓይን ደህና አድርጎ ያያል። እውነቱ እናትየዋን እንዳይገድላት ተብሎ የተሸመነው የአልበርታ ውሸት፣ ለካ ከሁሉም በላይ የሚመቸው ለእሷው ኖሯል። እናትየዋ እጇን በፎጣ አደረቀች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በግራና በቀኝ የተቀመጡት እንዲሰሙ፣ እንዲህ ብላ መረቀች፦

“እግዚአብሔር ይስጥሽ የኔ ልጅ! እንዴት ያለሽ ጨዋ ነሽ! የማንም ልጅ ብትሆኚ፣ እናትሽ የታደለች ናት።”

“አሜን በይ እንጂ!” አለ ጥጋቡ ከጎን።

“አሜን፤” አለች ስመኝ።

አዳራሹ ሲጸዳ ተናኘን በወንበሮቹ መሀል አገኘቻት። “ከመልሱ በኋላ ያልሽኝ ጥለትስ?” አለቻት። ተናኘ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ “አሁን በዚህ ትርምስ ውስጥ? ጥጋቡን ጠይቀው፤” አለቻት። ጥጋቡ የመኪናውን ጥለት ሲፈታ ነበር፤ “ይሄማ ጭቃ ነክቶታል፣ ለአንተ አይመጥንም፤” ብሎ በጥለቱ መስታወቱን ወለወለበት። አክሱማዊት ሙሽራ ናት፤ ብዙ ሰው ከቧታል። ከሩቅ በዓይኗ ሶሪ አለች።

የቢላው፣ የማይክራፎኑና የወንበሮቹ ደህና ስለነበሩ ተሰብስበው ቤት ገቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትየዋ ልትመለስ ስትነሳ ስመኝ ለተናኘ ደወለች። ልሸኛት አላለችም። ጥለቱን ነው የጠየቀችው።

“የለም እኮ፤” አለች ተናኘ። “ከሻንጣዎቿ እጀታ ላይ አሰርንላት። ቦሌ ስትደርስ ሻንጣዋን ከሌላው እንድትለይበት። ጥቁር ሻንጣ ሁሉ አንድ ነዋ።”

የዚያን ቀን ስመኝ ሥራ ላይ ነበረች። ከላውንደሪው ጣሪያ በላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የመተኮሻው ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል፤ እናቷ ያለችበት የቱ እንደሆነ አታውቅም። ግራጫው ካፖርት ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ የአንገቱ ሥር ገበር በመርፌ ተተርትሮ፣ ለስፌት ተዘጋጅቶ። በጠረጴዛው ዙሪያ፣ በአዳራሹ፣ በስልክም፣ ለአንዱም ለሌላውም የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

“አንድ ክንድ ብቻ ስጡኝ። ከካፖርቴ ውስጥ፣ በገበሩ በኩል ነው የምሰፋው። ማንም አያየውም።”